ጀርባውን ፀሐይ የሚሞቅ አበባ

ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ከመማሪያ ክፍላችን ፊት ለፊት ባለው መደብ ላይ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የቆመ ተክል አየሁ። አትክልተኛውን ስሙን ብጠይቀው የፈረንጅ አበባ መሆኑን ብቻ ነገረኝ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። በእኛ አገር የኢየሩሳሌም አበባ ይባላል። መቼና እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚተከል ያየሁት ገና ፊደል ሳልቆጥር፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጦ በነበረበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ ሳስበው አብዛኛው በጉም ውስጥ እንደሚታይ ነገር ነው፤ አንዳንዱ ቅርብ፣ አንዳንዱ ጥላ ብቻ። የተቀላቀለብኝን ለዕረፍት አገር ቤት ስሄድ እናቴን እየጠየቅሁ አስተካክያለሁ።

መንደራችን ከሉማሜ ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ ጥግ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከኮረብታው አናት ላይ፣ በወይራና በጽድ ተከቦ ይታያል። በዚያ ቅጥር ውስጥ በአንዲት ትንሽ ጎጆ የአባቴ አክስት ይኖሩ ነበር። መነኩሲት ስለሆኑ ሁላችንም እማሆይ ነበር የምንላቸው። አባቴን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አባቴ በዚያ ወቅት ዱር ገብቶ ነበር፤ በኋላ በደህና ተመልሷል፤ ያን ጊዜ ግን ይመለስ አይመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

እማሆይ ጣሊያን ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ኢየሩሳሌምን ተሳልመው መጥተዋል። ሲመለሱ በኮሮጇቸው ደረቅ ዝንጅብል የመሰለ ሥር ይዘው ነበር። ባሕርና በረሃ አቋርጦ፣ ለወራት አንድ ጠብታ ውሃ ሳይቀምስ የመጣ ሥር ነው። ከጎጇቸው ደጃፍ ቢተክሉት በቀለ፤ በቅሎም በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ሰሞን ያብብ ነበር ይላሉ። እኔ አበባውን አላየሁትም ነበር። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የማየው ቅጠሉን ብቻ ነው። አበባውን የማውቀው እማሆይ ሲያወሩት ነበር።

«ቀለሙ ወይን ጠጅ ነው» ይሉኝ ነበር ዓይናቸውን ጨፍነው። «ሦስቱ ቅጠል ወደ ላይ ይቆማል፤ ሦስቱ ምላስ እንዳወጣ ልጅ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በተንጠለጠለው ላይ ጢም አለው።»

«አበባ ጢም አለው?»

«አለው። እንደ አባትሽ ጥቁር አይደለም፤ ቢጫ ነው።»

አላመንኳቸውም። ግን ማታ ስተኛ ባለጢሙ አበባ ይመጣብኝ ነበር። አንዳንዴ የአባቴን ጋቢ ለብሶ፣ በጉሙ ውስጥ በቀስታ ሲሄድ አየው ነበር።

አበባው ከተቀደሰ አገር የመጣ በመሆኑ በአካባቢው የታወቀ ነበር። ሰው ሲታመም ወይም ረጅም መንገድ ሲሄድ ቤተ ሰቡ ይመጣና ከሥሩ ቆንጠር አድርጎ አፈር ይወስዳል። ወስዶ ዝም ብሎ መሄድ ግን ነውር ነው፤ በምትኩ ከገዛ ማሳው ያመጣውን አንድ ጭብጥ አፈር አበባው ላይ ያኖራል። ማሳውም ይባረካል፣ የሄደውም ሰው በአደራ ይጠበቃል። ቆንጠር ይወስዱና ጭብጥ ይመልሳሉ። ጣሊያን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰው የሄደበት ቤት በዛ። ባሏ ዱር የገባባት፣ ልጇ የታሰረባት፣ ወንድሟ የጠፋባት ሁሉ ጭብጧን ይዛ ትመጣለች። አባቴ የሄደ ዕለት እናቴም ጭብጧን ይዛ ወጥታለች።

አበባው ማበብ የተወውም በዚያው ጊዜ ነበር። ሰዉ ምክንያቱን አላጣውም፤ «ሐዘን ላይ ነው» አለ። «ንጉሡ እስኪመለሱ አያብብም።» ይህን የሰማ ሁሉ ይበልጥ አዘነለትና ይበልጥ አፈር አመጣለት።

እማሆይን የሚያስጨንቃቸው ግን ሌላ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ነበር። መጀመሪያ ከዳዊታቸው ፊደሉ ጠፋባቸው፤ ዳዊቱን በቃል ስለሚያውቁት ብዙም አላዘኑም። ቀጥሎ የሰው ፊት ጠፋባቸው። ከደጃቸው ስንቆም «ማን ነው ጥላው?» ይሉን ጀመር።

«ከዚያ አገር ያመጣሁት እሱን ብቻ ነው» አሏት አንድ ቀን እናቴን። «መንገዱ ተዘጋ፣ ጉልበቴም አለቀ፤ ከእንግዲህ አልሄድም። አንዴ ደግሜ ልየው። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ቢጠፋ ይጥፋ።»

ይህን ያሉት በክረምት ነው። የዚያን ቀን እናቴ ንፍሮ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ ወደ ጎጇቸው ወጥታ ነበር። ጉሙ ከቅጥሩ ገብቶ ወይራዎቹን ውጧቸዋል። የዝናቡ ድምፅ እንቅልፍ ያመጣል፤ እኔ የእማሆይን ቁርበት ተደግፌ ግማሽ ተኝቼ ነው የማዳምጠው። እማሆይ እንደ ልማዳቸው ሥሩን ስላገኙበት የኢየሩሳሌም ኮረብታ ያወሩ ነበር። ከገዳሙ በታች ያለ ቁልቁለት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ድንጋዩ ሁሉ እንደ ዳቦ ይሞቃል።

«አበባውም እንደ እንሽላሊት ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ጀርባውን ይሞቃል» አሉ።

የእናቴ እጅ ንፍሮው ላይ ቆመ። «ጀርባው ይታይ ነበር?»

«ሥሩ እኮ ነው። እንደ ዝንጅብል ተጋድሞ፣ ጀርባው ተገልጦ።»

«አፈር አልነበረበትም?»

«ምን አፈር አለ! ድንጋይና ፀሐይ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ዝናቡ ወጣች። እኔም ተከትዬ ከበሩ ላይ ቆምኩ። በአበባው ላይ የተከመረው አፈር እንደ ትንሽ መቃብር ከፍ ብሎ ነበር፤ በየቀኑ ስለማየው እስከዚያን ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። እናቴ ተንበርክካ እጇን ወደ ጉብታው አስገባች። እስከ ክርኗ ገባ። ቆይታ ስታወጣው ጭቃውን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች።

«እማሆይ» አለች ከዝናቡ ውስጥ ሆና፣ «ይኸ አበባ አላዘነም። ታፍኗል።»

ያኔ ክርክሩ ተጀመረ። ጓሯችን ውስጥ የጠጅ ሳር አለ፤ መሐሉ ደርቆ ዳር ዳሩ ብቻ ሲለመልም እናቴ ነቅላ ትከፋፍለዋለች። ይኸም እንደዚያው ነው አለች። ተነቅሎ፣ ያረጀው ተጥሎ፣ ጎረምሳው ተለይቶ ይተከል። እማሆይ ግን ቢላ የሚለውን ቃል ሲሰሙ አማተቡ።

«አንቺ! ቢላ? በኢየሩሳሌም ነገር ላይ?»

«ታዲያ በጥርሴ ልቁረጠው?»

«ምላስሽን ቁረጪው።»

«እሱንማ ልጅዎ ሲያገባኝ ያውቅ ነበር።»

እማሆይ እንዳይስቁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ነገሩ ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። እናቴ ቀጥላ እውነቱን ነገረቻቸው፤ የተከፋፈለ ሥር በዓመቱ አያብብም፣ መጀመሪያ ሥር መስደድ አለበት፤ ምናልባት የሚመጣውን ጾም አልፎ የዚያን ወዲያውን መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

እማሆይ የዓይናቸውን ሽፋን ዳበሱ። «ዓይኔስ እስከዚያ ይጠብቀኛል?» አሉ።

«ካልተከፋፈለ ደግሞ ዓይንዎ ቢጠብቅም አበባው አይመጣም።»

ወሬው በመንደሩ ሲሰማ ጎረቤታችን እየሮጠች መጣች። አንድ ልጇ ዱር ነበር፤ ከአበባው ላይ ጭብጥ ያኖረችው ለእሱ ነው። «ልጄን አደራ ያልኩት በዚያ አፈር ላይ ነው» ብላ እናቴ ላይ ጮኸች። «አፈሩን ስትበትኚው ልጄንም በተንሽው ማለት ነው!» አደራው ግን የእናቴም ነበር። በመጨረሻ ጉዳዩ ወደ የኔታ ሄደ። የኔታ የደብሩ መሪጌታ፣ ተማሪ በሚያስተምሩበት ጽድ ሥር የማይጠፉ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው።

ሁለቱንም ሰምተው ሲጨርሱ መቋሚያቸውን አገላበጡ። «ቁርባኑ ሳይቆረስ ለማን ደርሶ ያውቃል?» አሉ እማሆይን። «የተቀደሰ ነገር ሲከፈል አያንስም፤ ይዳረሳል።» ወደ ጎረቤታችን ዞሩ። «አፈሩ አይጣልም። ከቤተ መቅደሱ ዙሪያ ካሉት ወይራዎች ሥር ይኖራል። እስካሁን ልጅሽን የሚጠብቀው አንድ አበባ ነበር፤ ከእንግዲህ ታቦቱ ራሱ ነው። ሹመት ሆነለት እኮ! ምን ያስለቅስሻል?»

«የኔታ ደግሞ፣ አፍዎ!» አለች እንባዋን እየጠረገች። ግን ተስማማች።

እናቴ ወዲያው አልነካችውም። በክረምት የተቆረጠ ሥር ቁስሉ ሳይደርቅ ይበሰብሳል፤ በበጋው መሐል ደግሞ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ሥር አያስይዝም። የሚሻለው ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ መሬቱ ገና ርጥበት ሳይለቀው ነው። ስለዚህ መስቀል እስኪያልፍ ጠበቅን። እማሆይ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጉብታውን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ «ትንሽ ታገስ» ይሉት ነበር። ለማን እንደሚሉት፣ ለአበባው ይሁን ለዓይናቸው፣ አላውቅም።

የተመረጠው ቀን ጠዋቱ ጉም ነበር። ጉም ጥሩ ነው፤ የጣሊያን አውሮፕላን አይመጣም። ሰው ተሰብስቦ ሲያይ አውሮፕላኑ ዝቅ ይል ስለነበር፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ማኅበርም ቀብርም ያስፈራ ነበር። እናቴ በመቆፈሪያ ዳሩን ከፈተችና አፈሩን በእጇ ታነሳ ጀመር። እኔና ጎረቤታችን በቁና እየተቀበልን ወይራዎቹ ሥር እንወስዳለን። ያ ጉብታ አንድ ዓይነት አፈር አልነበረም። ጥቁሩ ከሜዳው ነው፤ ግራጫው ከወንዙ ዳር፤ እንደ በርበሬ የቀላው ከማዶ ኮረብታ። እናቴ እያነሳች «ይኸ የእገሌ ማሳ ነው» ትላለች፤ ጎረቤታችን ትመልሳለች፤ ሰውየው በሕይወት እንዳለ፣ እንደተመለሰ፣ ወይም እንዳልተመለሰ። የማሳዎቹ ሁሉ ሰዎች በጉሙ ውስጥ ዙሪያችንን የቆሙ መሰለኝ።

ከዚያ ነጫጭ ጠጠር ያለበት ቀይ አፈር ወጣ። የእኛ መሆኑን እኔም አወቅሁ። እናቴ ጭብጥ አድርጋ ያዘችውና በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።

«ሁሉም ወይራ ሥር ይሂድ አልተባለም?» አለች ጎረቤታችን።

«የኔን እኔ አውቃለሁ።»

ሥሩ ሲገለጥ እርስ በርሱ ተቆላልፎ እንደ ታሰረ እንጨት ነበር። ተነቅሎ ወጣ። ቢላውን ግን ማንም ሊይዘው አልፈለገም፤ እናቴም ያን ሁሉ አውርታ እጇ ፈራ። በመጨረሻ እማሆይ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወዲህ በሉ። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኃጢአትም ቢሆን የኔ ይሁን።»

እኔ ቅጠሎቹን ስንዝር ያህል አስቀርቼ በማጭድ ቆረጥኳቸው፤ ነፋስ እንዳያናውጣቸው ነው። እማሆይ ሥሩን ጭናቸው ላይ አስተኝተው በጣታቸው ይመረምሩት ጀመር። ለዚህ ሥራ ዓይን አላስፈለጋቸውም። መሐል ያለውን ሲጫኑት ሟሸሸ፤ «ይኸ አርጅቷል» ብለው ወደ ጎን አሉት። ዳር ያሉት ጠንካሮች ነበሩ። እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አንድ የቅጠል ዘለላና ከታቹ ጥቂት ሥር ያለውን እየለዩ፣ በስሙ አማትበው፣ አንገቱ ላይ ይቆርጡታል። የተቆረጠው ነጭ ሆኖ ይወጣል። እናቴ እየተቀበለች ቁስሉን አመድ ታስነካለች።

«አሁኑኑ ይተከል እንጂ፣ ይሞታል!» አለች ጎረቤታችን።

«ይደር፣ ይጠግግ» አለች እናቴ።

እማሆይ ከቢላቸው ላይ ቀና አሉ። «ባሕር የተሻገረ ነው፣ በአንድ ሌሊት ጥማት አይሞትም!»

በማግስቱ ተከልን። አፈሩ እንደ ትንሽ ግምብ ከፍ ይደረጋል፤ ሥሩ በቅሎ ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ይቀመጥበታል፤ እግሮቹ ወዲህና ወዲያ ይወርዱና አፈር ይለብሳሉ። ጀርባው ግን አይሸፈንም። «ጀርባው ፀሐይ ይሙቅ» እያለች እናቴ እያንዳንዱን መታ መታ ታደርገዋለች። አንዳንዱ ቅጥሩ ውስጥ ቀረ፤ የቀረው አደራ ላኖረ ቤት ሁሉ ታደለ። ከዚያ ወዲያ አፈር መውሰድና ማኖር ቀረ ተባለ። ሁሉም ግን ወዲያው አልተወም፤ እማሆይ ከደጃፋቸው በትር ይዘው ይቀመጡና የእግር ኮቴ ሲሰሙ፣ «ማነህ? እጅህን ዘርጋ! አፈር ይዘሃል?» ይሉ ነበር።

የእኛ ድርሻ ከጓሯችን እርከን፣ ከድንጋዩ አናት ላይ ተተከለች። እናቴ የመቀነቷን ቋጠሮ ፈትታ ያን ቀይ አፈር ከሥሯ አኖረችላት።

የመጀመሪያው ጾም በቅጠል ብቻ አለፈ። እማሆይ ቅጠሉን በጣታቸው እየለኩ «አድጓል» ይላሉ እንጂ ሌላ አይናገሩም። ክረምቱ ሲመጣ ቅጥሩ ውስጥ በጥላው ካሉት ብዙዎቹ በሰበሱ። እማሆይ ደግሞ በዚያው ክረምት ጥላችንንም አጡት፤ ስንመጣ በድምፃችን ብቻ ነበር የሚለዩን። አንድ ዓይናቸው ግን በጣም ሲያስጠጉት ትንሽ ያይ ነበር። የዳዊታቸውን ቀይ ሐረግ አፍንጫቸው ላይ ለጥፈው «ይኸውና ቀይ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ያህል ነበር የቀራቸው።

በሁለተኛው ጾም መሐል አንድ ጠዋት ወደ እርከኑ ብወጣ፣ ከቅጠሎቹ መሐል ሳይነጋ የተከፈተ አንድ አበባ ቆሟል። ሦስቱ ወደ ላይ፣ ሦስቱ ወደ ታች። ጢም አለው። ቢጫ ነው። ሕልሜ ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ለረጅም ጊዜ ሳልጣራ ቆምኩ።

እናቴ መጥታ አየችውና ወደ መንገዱ ቁልቁል ተመለከተች። የጣሊያን መኪናዎች እንደ ሁልጊዜው አቧራ እያስነሱ ያልፉ ነበር። «ይኸው» አለች፣ «እነሱ ገና ሳይሄዱ አበበ። ወሬኛ ሁሉ!»

ደስታዋ ግን ወዲያው ጠፋ። እማሆይ ሱባኤ ገብተው ነበር፤ ጾሙ እስኪፈታ ከጎጇቸው ላይወጡ ተስለዋል። አበባው ደግሞ የሚቆየው ቀን ወይም ሁለት ቀን ነው። ቆርጠን እንውሰድላቸው ብዬ ነበር፤ ከኮረብታው አናት እስክንደርስ ይጠወልጋል አለች። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ገብታ ገበቴውን አመጣች። በአበባ ጊዜ ሥር አይነካም እያለች ሁለት ዓመት ስታስተምረን የከረመችው እናቴ፣ ተንበርክካ ተክሉን ከነቀይ አፈሩ፣ ከነድንጋዩ፣ በሁለት እጇ አቅፋ ገበቴው ውስጥ አስቀመጠችው።

በራሷ ተሸክማ ወጣች። እኔ ከፊት እየሄድኩ አበባውን የሚነካ ቅርንጫፍ እገፋላታለሁ። ዳገቱ ላይ ነፋስ አልነበረም። ከኋላዬ ትንፋሿ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

ገበቴውን ከጎጆው ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ሱባኤ ነኝ» አሉ እማሆይ ከውስጥ።

«አውቃለሁ። አልገባም፣ ይውጡም አልልም። አንድ ነገር ደፉ ላይ አስቀምጫለሁ።»

ከዚያ ቁርበቱ ሲንኮሻኮሽ፣ በሩም ሲከፈት ሰማን። እማሆይ በጉልበታቸው እየዳኹ እስከ ደፉ መጡ፤ ከደፉ አላለፉም። እጃቸው ቅጠሉን አገኘ፤ ወረደና አፈሩን፣ ገበቴውን ዳሰሰ። ፊታቸው ተቆጣ።

«በአበባው ጊዜ ነቀልሽው? አንቺ? ስንቱን ስትሰብኪን ከርመሽ!»

«ምላሴን ይቁረጡት» አለች እናቴ።

እማሆይ ወደ አበባው ጎንበስ አሉ። የሚያየውን ዓይናቸውን አስጠጉ፣ አሁንም አስጠጉ፤ ሽፋላቸው ቅጠሉን እስኪነካ ድረስ። ትንፋሻቸው አበባውን ያንቀሳቅሰው ነበር። እኔ እያዩ ይሁን እያሸተቱ አላወቅሁም፤ እናቴም አላወቀችም፤ እጄን ይዛ ትጠብቅ ነበር።

«ጢሙ ውስጥ ጉንዳን አለ» አሉ በመጨረሻ።

እኔና እናቴ ጎንበስ ብለን ፈለግን። ነበረ።